አባቴ መጸለይ ተወ፤ “ሩጫውን ሳይጨርስ ቆመ” ተባለ

ሰላም_ዘአዳማ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ በጌታ ቤት የኖረ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ “እጄን አንስቼ መፈክር አላሰማም” ብሎ ታስሯል። ተገርፏል። ከተፈታ በኋላም በድብቅ ቤት ለቤት ከሚሰበሰቡት ጋር ነበር። መዝሙር እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚዘመረው። እኛ ልጆቹ ይህን እየሰማን ነው ያደግነው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነብን። መጀመሪያ ቸርች ቀረ። ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ተወ። ኮመዲኖው ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ምግብ ሲቀርብ እንኳ “እናንተ ጸልዩ” ይላል። ቀኑን ሙሉ ዝም ነው። ያኔ ለመፈክር እጁን ያላነሳ ሰው አሁን ለጸሎትም አያነሳም።

በቀደም ከቸርች አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁት መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ጸለዩ። ልሸኛቸው ስወጣ በር ላይ ቆም አሉና “ልጄ፣ አባትሽ ሩጫውን ሳይጨርስ ቆመ። ጳውሎስን ትቶ የሄደው ዴማስም እንዲሁ ነው የሆነው” አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እውነት ነው? ሰው ያን ሁሉ መከራ አልፎ መጨረሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል? “እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል” የሚለው ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ይላል? እኔስ ምን ላድርግ? እባካችሁ ስብከት አትላኩልኝ። ስብከት ሞልቶኛል።

የቤቴል_ልጅ

ሰላምዬ አይዞሽ። ዮሐንስ 10፥28ን አንብቢ። “ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም” ይላል። አባትሽ የእውነት የጌታ ከሆኑ አይጠፉም፣ አለቀ። ፊልጵስዩስ 1፥6 ደግሞ መልካሙን ሥራ የጀመረው እርሱ እንደሚፈጽመው ይናገራል። የሚጸናው ሰውየው በራሱ ጉልበት አይደለም። ሽማግሌው የተናገሩት ተገቢ አይደለም።

ሐዋርያ21

@የቤቴል_ልጅ “የእውነት የጌታ ከሆኑ” አልክ። እሷኮ የምትጨነቀው እዚችው “ከሆኑ” ላይ ነው። ምን አጽናናሃት? ዕብራውያን 6 አንድ ጊዜ ብርሃን የበራላቸው፣ መንፈስ ቅዱስን የተካፈሉ ሰዎች ሊክዱ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ሰው ፈቃድ አለው። ስለዚህ መጽናት አለበት። አባትሽን አበርቺያቸው እህቴ። ዝም ብለሽ አትመልከቻቸው።

ዘያሬድ (ዲያቆን)

እህቴ ሰላም፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በብዙ ነገር እንለያያለን፣ ይህን ግን ልበልሽ።

በእኛ ዘንድ ሰው ገና በሕይወት ሳለ “ይሄ ድኗል፣ ያኛው ጠፍቷል” ብሎ መዝጋት ነውር ነው። መጽሐፈ ሲራክ “ከመሞቱ በፊት ማንንም ብፁዕ አትበል” ይላል። ይሄ ለመወደስ ብቻ መስሎ ይታያል፣ ለመውቀስም ያው ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ነገሩ አላለቀም። ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት ቢሞት ኖሮ ስሙ ምን ይባል ነበር?

ስለ ዴማስ ያሉትም አልተዋጠልኝም። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 “ዴማስ ይህን የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛልና” ነው ያለው። ዓለምን ወዶ! አባትሽ የወደዱት ሚስታቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ ሞተውባቸዋል። ሐዘንና ክህደት አንድ ሆነው አያውቁም። ዴማስም ራሱ ቢሆን በቆላስይስና በፊልሞና መልእክት ከጳውሎስ ጋር ስሙ በደግ ተነሥቷል። በመጨረሻ የት እንደደረሰ መጽሐፉ አይነግረንም።

ሲስተር_ቲ

ሰላም ሰላም። እኔ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነርስ ነኝ። ስነ መለኮቱን ለእናንተ ትቼ ልጠይቅሽ።

አባትሽ እንቅልፍ እንዴት ነው? ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ይቀራል? የምግብ ፍላጎቱስ? ከስቷል? ወገቤን፣ ጨጓራዬን እያለ ያማርራል? ድሮ የሚወደውን ነገር ሁሉ ነው የተወው ወይስ ጸሎት ብቻ? ለምሳሌ ዜና ይሰማል? ጓደኛ ይጠይቃል? ስታወሪው አንዳንዴ ያልሆነ መልስ ይሰጥሻል?

ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ አረጋውያን ላይ ድባቴ ብዙ ጊዜ በለቅሶ ስለማይመጣ ነው። በዝምታ ይመጣል። “ምንም አልሆንኩም” እያሉ እየደረቁ ይሄዳሉ። ቤተሰብ ደግሞ “አርጅቶ ነው” ወይም እናንተ ጋ እንደተባለው “ከእምነት ወጥቶ ነው” ይላል። የታይሮይድ ችግርና የቢ12 ቫይታሚን እጥረትም ሰውን እንዲህ ያፈዛሉ። በደም ምርመራ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ ዓይንና ጆሮ። ሰው ማንበብ ሲያቅተው “አቃተኝ” አይልም፣ በተለይ ወንድ። ይተዋል በቃ። ጆሮ ሲደክም ደግሞ የሰው ብዛትና ትልቅ ስፒከር ያለበት ቦታ ሥቃይ ነው። ድምፁ ይጮሃል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ስንቱ ሽማግሌ በዚህ ምክንያት ከቸርች እንደሚቀር ብነግርሽ ትገረሚያለሽ።

እስኪ እነዚህን መልሺልኝ።

ሰላም_ዘአዳማ

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስትጠይቂኝ ደነገጥኩ። እንቅልፍ የለውም። ከስቷል። ዜና ድሮ አያመልጠውም ነበር፣ አሁን ሬዲዮኑን ራሱ ዘግቶታል። ጋዜጣ ሲያይ ክንዱን ዘርግቶ ያርቀውና ያስቀምጠዋል። ቸርች ለመጨረሻ ጊዜ የሄደ ዕለት ደግሞ “ጭንቅላቴን አዞረኝ፣ ጩኸት ብቻ ነው” ብሎ መሀል ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ አዲሱን የአምልኮ ስልት ጠልቶ ነው ያለው።

@ዘያሬድ ስለ ዴማስ ያልከውን ለእህቴ አነበብኩላት። አለቀሰች።

ሐዋርያ21

ሕክምናው ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሁሉን ነገር በሽታ አታድርጉት። ሰይጣን በሽምግልናም ይዋጋል። ሰሎሞንን ተመልከቱ። 1ኛ ነገሥት 11 “በሸመገለ ጊዜ” ነው ልቡ የዘነበለው የሚለው። አሳም እንዲሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ መልካም ሠርቶ እግሩን ሲታመም እግዚአብሔርን አልፈለገም። እርጅና ዋስትና አይደለም።

የቤቴል_ልጅ

@ሐዋርያ21 ወንድሜ በዚህ አንጣላም። እ.ኤ.አ. በ1618ና 1619 በሆላንድ የተሰበሰበው የዶርት ሲኖዶስም ቢሆን ቅዱሳን ከባድ ውድቀት ሊወድቁ፣ ለጊዜው ጸጋው የራቃቸው ሊመስላቸው እንደሚችል ጽፏል። እግዚአብሔር ግን ፈጽሞ አይተዋቸውም ነው ትምህርቱ። አንተ የምትከተላቸው፣ የሆላንዱ መምህር የአርሚንዮስ ተከታዮች ደግሞ በ1610 አምስት አንቀጽ ሲያወጡ በአምስተኛው ላይ ምን አሉ? ሰው ጸጋን ጨርሶ ሊያጣ ይችል እንደሆነ ገና ከመጽሐፍ መመርመር አለበት ብለው ነው የተዉት። እነሱ እንኳ ጊዜ ወስደዋል። አንተ በአንድ ቀን ጨረስከው።

ሐዋርያ21

@የቤቴል_ልጅ እኔ አርሚንዮስን አልከተልም፣ መጽሐፍ ቅዱስን ነው 😀 በዚያ ላይ በኋላ ቁርጡን ተናግረዋል፣ ይቻላል ብለዋል። እሱን ለምን ዘለልከው?

ማርታ_ዘአዲግራት

በዚህ ጉዳይ ከሁለታችሁም በፊት የደከመበት አውግስጢኖስ ነው። እሱም ሸምግሎ፣ ሊሞት ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው ስለ ጽናት ስጦታ የጻፈው። እስከ መጨረሻ መጽናት ሰው ለራሱ የሚያተርፈው ሳይሆን ከእግዚአብሔር የሚለመን ስጦታ ነው አለ። እኛ ካቶሊኮች ይህንኑ ነው የያዝነው። ማንም “አለኝ” ብሎ አይመካም፣ ሁሉም ይለምነዋል። እመቤታችንን “በመጨረሻው ሰዓት ለምኝልን” የምንላት ለዚህ ነው። ለአባትሽ ለምኚላቸው። እሳቸው ባይለምኑ አንቺ ትለምኛለሽ።

አወያይ

ውድ ተሳታፊዎች፣ እህታችን የጠየቀችው ስለ አባቷ ነው። የዶርትን ክርክር ለመቀጠል የምትፈልጉ ሌላ ክር ክፈቱ። ስም እየጠቀሱ ሃይማኖት ማንቋሸሽ ያስባርራል። ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ።

እንግዳ_ሰው

አማኝ አይደለሁም፣ ድሮ ነበርኩ። ቅር አይበላችሁና አንድ ነገር ማንም አላለም። ምናልባት ሰውዬው አያምንም ይሆናል። ምናልባት ሚስቱ ስትታመም ጸልዮ ጸልዮ መልስ አጥቶ ይሆናል። መድኃኒት፣ መነጽር፣ ጥቅስ ሁሉ ታቀርባላችሁ። እሱን የጠየቀው አለ? ሰላም፣ አባትሽን ራሱን ጠይቂው። መልሱን ለመስማት ዝግጁ ከሆንሽ ብቻ።

ሰላም_ዘአዳማ

@እንግዳ_ሰው ቅር አላለኝም። አልጠየቅኩትም። ፈርቼ ነው።

ጋሽ_ሽበቴ

ልጄ ሰላም፣ የልጅ ልጄ ናት ይህን የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት። ዕድሜዬ ከአባትሽ ጋር የሚቀራረብ ይመስለኛል። ባለቤቴ ካረፈች ቆይቷል።

ስለ እርጅና ጸሎት ወጣቶቹ ከሚያውቁት እጀምራለሁ። ካሌብ በ85 ዓመቱ “ይህን ተራራ ስጠኝ” አለ እያሉ ይሰብኩልናል። በአረጋውያን ቀን ሁሌ ካሌብ ነው። እኔ ተራራ ቀርቶ የቤቴን ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። ታዲያ ካሌብን ስሰማ የምበረታ ይመስላቸዋል። እንደ ተወቀስኩ ነው የምቆጥረው።

መንበርከክ አልችልም። ቆሜ ልጸልይ ስል ያዞረኛል። ተኝቼ ስጀምር ሐሳቤ ይሄድብኛል፣ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ድሮ አንድ ሰዓት እጸልይ የነበርኩ ሰው አሁን “ጌታ ሆይ አለሁ” ብዬ አበቃለሁ። መጀመሪያ አፈርኩበት። ኋላ መዝሙር 71ን ሳነብ “በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ” የሚለው ላይ ቆምኩ። ሰውየው “እኔ አልተውህም” አላለም። “አትተወኝ” ነው ያለው። ጉልበት ያለቀበት ሰው ጸሎት ይህ ነው ልጄ። ከዚህ በላይ ከየት ይምጣ?

ሌላው፣ እስር ቤት መጽናት ይከብዳል ይላሉ። ከባድ ነበር። ግን እስር ቤት ጠላትህን ታውቀዋለህ። ወንድሞች አብረውህ አሉ፣ ውጭ ያሉት ይጸልዩልሃል፣ ወጣቱ ሁሉ ስምህን ያነሣል። ከሰዓት በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ ማንም ሳይደውልልህ መቀመጥ ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚያየኝ የለም። ማንም “በርታ” አይለኝም። አባትሽ ያኛውን ፈተና አልፎ በዚህኛው ደከመው ብትይ አይገርመኝም። ይህኛው ይረዝማል።

“ጸልይ” አትበይው። አንቺ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከዚያ ተነሥተሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ። ምን ተሰማህ ብለሽ አትጠይቂው።

ፍሬ_ዘቦሌ

የጋሽ ሽበቴን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

እኛ አገር ስለ ጽናት ሲሰበክ ሁሌ በአንድ ቀን የተፈጸመው ነው የሚነገረው። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 በጣሊያን ጥይት ወደቁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ከአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። ሬሳቸው እንኳ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እነዚህን ማንሣት ተገቢ ነው፣ እኔም እኮራባቸዋለሁ።

ግን የቄስ ጉዲናን ባለቤት ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ባላቸው ከተወሰዱ በኋላ እሳቸውም ታስረው ተሠቃዩ። አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ከተፈቱም በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። በየቀኑ ሰማዕት መሆን ማለት ይኼ ነው። ባል የለም፣ ጤና ተጎድቷል፣ ኑሮ ግን ይቀጥላል። ስለ እሳቸው የሚሰብክ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሴት ስለሆኑ ነው እንዳልል ብዙ ወንድ ሽማግሌዎቻችንም ያው ናቸው። ሳይሞቱ ስለቀሩ ታሪካቸው አላለቀም፣ ስላላለቀ አይነገርም።

ሰላም፣ አባትሽ ከዚያ ዘመን ከተረፉት አንዱ ናቸው። ተርፎ መኖር ራሱን የቻለ ሸክም አለው።

ሜሪ_ሪያድ

እኔ ደግሞ ከሳውዲ ነኝ፣ ቤት ሠራተኛ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። መዝሙር በኢርፎን ነው የምሰማው፣ ያውም ማታ። ማተቤን ከመጣሁ ጀምሮ አላሰርኩም። አንዳንዴ ተስፋ እቆርጣለሁ። የያዘኝ አንድ ነገር ነው። እናቴ ደሴ ሆና ማታ ስትጸልይ ስሜን እንደምትጠራ አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት እኔ ዕቃ እያጠብኩ ይሆናል። ባልጸልይም ተጸልዮልኛል እላለሁ። ለአባትሽም እንዲሁ አድርጊላቸው፣ እንደምታደርጊላቸውም ንገሪያቸው። ይህን ለማለት ነው።

ዘያሬድ (ዲያቆን)

@ሜሪ_ሪያድ እመቤታችን ትጠብቅሽ እህቴ።

ሐዋርያ21 ያነሣውን፣ ሰው ሊክድ ይችላል የሚለውን ጉዳይ በታሪክ ልመልስ፣ ምክንያቱም ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ በሰምርኔስ የተገደለውን ጳጳሱን ቅዱስ ፖሊካርፐስን ሁላችን እናውቀዋለን። ካድ ሲሉት “86 ዓመት አገለገልኩት፣ ምንም አልበደለኝም፣ ንጉሤንና አዳኜን እንዴት እሰድባለሁ?” አለ። ይህ ይጠቀሳል፣ ይጠቀሳል።

የሰምርኔስ ምእመናን ስለ እሱ የጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ግን የማይጠቀስ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ፖሊካርፐስ መጀመሪያ ሸሽቶ ገጠር ተደብቆ ነበር። ደፋር ለመባል አልሮጠም። ሊይዙት ሲመጡ ምግብና መጠጥ አቀረበላቸው፣ ለጸሎት አንድ ሰዓት ለመናቸው፣ ሁለት ሰዓት ጸለየ። ሁለተኛ፣ ኩዊንጦስ የሚባል ሰው ነበር። እሱ ሳይፈለግ በራሱ ገፍቶ መጣ፣ ሌሎችንም አስመጣ። አውሬዎቹን ሲያይ ግን ፈርቶ ለጣዖት ሠዋ። ደብዳቤው “በራሳቸው የሚሮጡትን አናመሰግንም” ይላል።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በሮሙ ንጉሥ በዳኬዎስ ስደት በጣም ብዙ ክርስቲያኖች ካዱ። ስደቱ ሲበርድ እያለቀሱ ተመለሱ። ያን ጊዜ “አይመለሱም፣ አልቆላቸዋል” ያለ ወገን ነበር፣ የኖቫትያኖስ ወገን። ቤተ ክርስቲያን ግን በንስሐ ተቀበለቻቸው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ13ኛው ቀኖና ምን ወሰኑ? ሊሞት የደረሰ ሰው ከመጨረሻው ስንቅ፣ ከቁርባን አይከልከል አሉ። ልብ በሉ፣ በስደት የካደ ንስሐ ገቢም ጭምር ነው። የካደውን እንዲህ ካደረጉለት፣ ያልካደና ያዘነ ሽማግሌን በር ላይ ዴማስ ብሎ መሄድ ከየት መጣ?

በእኛ ሥርዓት ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ሲደክም የንስሐ አባቱ ጾሙን ያቀልሉለታል። ከቤት ካልወጣ እሳቸው ቤቱ ይመጣሉ። ለታመመ ሰው የሚጸለይ ቀንዲል አለ። ያዕቆብ 5፥14ም የታመመው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን “ይጥራ” ነው የሚለው። መጥተው የሚጸልዩለት እነሱ ናቸው። እሱ ብርቱ መሆን አይጠበቅበትም።

ሐዋርያ21

@ዘያሬድ ይህን ስለ ኒቅያ አላውቅም ነበር። ጥሩ ነው። ግን አንተም በንስሐ አልክ። ንስሐ ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ የምለው እሱን ነው።

እንግዳ_ሰው

የሚያስፈልገው ንስሐ ነው ወይስ መነጽር፣ ገና አልታወቀም እኮ ሐዋርያ።

ሲስተር_ቲ

😂 ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎችን እንከባከባለን። አንዲት የእኛ እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር፣ እሱ ጠፋ። ልጃቸውን “ማነሽ?” አሉ። ፈረንጆቹ ነርሶች አይግባቡም፣ እኔ ተጠራሁ። አማርኛ ሳወራቸውም ብዙ አይመልሱም። “ሰላም ለኪ” ብዬ ስጀምር ግን ያለ አንዳች ስህተት እስከ መጨረሻው ወረዱት። ድምፃቸው ራሱ ተቀየረ። ጴንጤ የሆኑት ላይ ደግሞ በድሮ መዝሙር ይሆናል። በልጅነትና በወጣትነት የተያዘ፣ በተለይ በዜማ የተያዘ ነገር ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። ሐኪሞቹም የሚያውቁት ነገር ነው።

ታዲያ እኒያ እናት እምነታቸው የት ነው? የልጃቸውን ስም ረስተዋል፣ ሃይማኖታቸውን ጠይቂያቸው ብትይኝ አይመልሱም። መጽናት የጭንቅላት ሥራ ብቻ ከሆነ እሳቸው አልጸኑም ማለት ነው። እኔ በዚህ አላምንም። ዕለት ዕለት ስለማያቸው አላምንም።

የቤቴል_ልጅ

ሲስተር፣ ኢሳይያስ 46፥4 ትዝ አለኝ። “እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ።” ተሸካሚው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሐዋርያ፣ ይቺን በሌላኛው ክር እጠብቅሃለሁ።

ሰላም_ዘአዳማ

ሰላም ወገኖች። ስለጠፋሁ ይቅርታ፣ ላይ ታች ስል ነበር።

ዓይኑን አስመረመርነው። የዓይን ሞራ ነው፣ ሁለቱም ላይ። አንደኛው በጣም ጠንቷል፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። “ከመቼ ጀምሮ ነው ማንበብ ያቃትህ?” ሲሉት “እሷ ሳትታመም” አለ። እናቴ ታነብለት ነበር ማለት ነው። ማናችንም አላወቅንም። ጆሮውም ደክሟል። የደም ምርመራው ገና ነው። ሐኪሙ ስለ ድባቴም አንሥቶ ሌላ ሐኪም ጋ ልኮናል።

ጠየቅኩትም። @እንግዳ_ሰው፣ አንተ እንዳልከው ራሱን። ማታ ነበር። “አባዬ፣ ጌታን ተቀይመህ ነው?” አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “እናትሽ ነበረች የምትጸልየው። እኔ አሜን ነበር የምለው። አሁን አሜን የምልበት ጠፋኝ” አለኝ። ስለ ሕመሟ ሳነሣበት ደግሞ “ተቀይሜያለሁ፣ አዎ። ለእሱ ነግሬዋለሁ፣ ለአንቺ አልነግርሽም” አለ።

አሁን ማታ ማታ አነብለታለሁ። ጋሽ ሽበቴ እንዳሉት አንብቤ እነሣለሁ። ቸርች አሁንም አይሄድም። ሽማግሌውም አልተመለሱም።

እንግዳ_ሰው

“ለእሱ ነግሬዋለሁ” ካለ ገና እየተነጋገሩ ነው። እኔ ካቆምኩ ቆይቷል። አባትሽን አክብሬያቸዋለሁ።

ማርታ_ዘአዲግራት

ጸልየሽ ስትጨርሺ ቆም በይ ሰላም። አሜን እንዲል ጊዜ ስጪው። ባይልም ቆም በይ።

ሐዋርያ21

እህቴ፣ ቀዶ ሕክምናው በሰላም እንዲያልቅ እንጸልያለን። የቸርቹን ሽማግሌዎች ግን አናግሪ። ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይምጡ። የጌታ እራት የተቀበሉት መቼ ነው? ቤት ድረስ ማምጣት ይቻላል እኮ። እኛ ጋ ይደረጋል።

ሰላም_ዘአዳማ

@ሐዋርያ21 አላሰብኩትም ነበር። እጠይቃለሁ፣ ተባረክ።

ሌላ ነገር መጣ ደግሞ። መጋቢው ደውለው ነበር። በአረጋውያን ቀን አባቴ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ እስር ዘመኑ እንዲመሰክር ይፈልጋሉ። “ይበረታታል” አሉ። እሱ አልፈለገም። ልግፋው ወይስ ልተወው?

ጋሽ_ሽበቴ

ተይው። እኔም ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ያኔ ስለነበርኩት ሰው አውርቼ አጨብጭበው፣ አሁን ያለሁትን ሰው ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። መጋቢው ቤት መጥተው ቡና ይጠጡ። እዚያ ያውራቸው፣ ካሰኘው።

ስልክ ካለው ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለልጅ ልጄ ስጫት፣ እሷ ታደርስልኛለች። ሁለት ሽማግሌ ምን እንደምናወራ እናውቃለን።

ፍሬ_ዘቦሌ

ይሄን ስልክ ብቻ በፍጥነት ስጪያቸው!

ሰላም_ዘአዳማ

ጋሽዬ ተደዋውለዋል እኮ! ረጅም አወሩ። የጆሮው ነገር አስቸግሯቸው ሁለቱም ይጮሃሉ፣ ጎረቤት ሰምቷል። ሲጨርስ “ይሄ ሰውዬ መዝሙር 71 ነው የሚለኝ፣ 70 ነው እንጂ” ብሎ ተናደደ። ልጅ ሆኖ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል። የትኛው ነው ልክ?

ዘያሬድ (ዲያቆን)

ሁለቱም ልክ ናቸው። ግእዙ ዳዊት ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ጋር ስለሚሄድ 70 ነው። ከዕብራይስጡ የሚቆጥረው 71 ይለዋል። አባትሽ ግን የደገሙትን አልረሱም፣ ንገሪልኝ።

ሰላም_ዘአዳማ

ነገርኩት። “አውቃለሁ” አለ።

ሲስተር፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ልጠንቀቅ?

ሲስተር_ቲ

ዓይኑን እንዳያሽ። ለተወሰነ ጊዜ ውኃና ሳሙና እንዳይገባበት፣ ከባድ ዕቃም እንዳያነሣ። ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊለት፣ ራሱ ላድርግ ቢል አትስሚው። ሲተኛ የዓይኑን መሸፈኛ እንዲያደርግ። ሕመም ከበረታ፣ በጣም ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪሙ ጋ ውሰጂው። መነጽሩ የሚታዘዝለት ዓይኑ ከረጋ በኋላ ነው፣ ቶሎ አትግዢ። እስከዚያ ትልቅ ፊደል ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ፈልጊለት። በአማርኛ በድምፅ የተነበበም ስልክ ላይ አለ፣ ጆሮው ግን እንዳይቸገር ማዳመጫ ጨምሪበት።